ጭስ የሚወጣበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጅማ የሚዘልቀው 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጎዳና፣ መንገደኛውን ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም መልሶ ወደ ወይና ደጋ የሚያመላልስ በመሆኑ ለዓይን ደስታ፣ ለተሽከርካሪ ግን ፈተና ነው። እስከ ወልቂጤ ድረስ ምድሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ሞተሩም ነጂውም ዕረፍት አላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መሬቱ በድንገት ዘቅዝቆ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ የእንሰቱ ጥላና የባሕር ዛፉ ነፋስ በግራርና በሐሩር ይተካሉ፤ ድልድዩን ተሻግረው የአበልቲን አቀበት ሲጀምሩም፣ በሜዳው ላይ ተሰውሮ የቆየ የመኪና ሕማም ሁሉ አንድ በአንድ ይገለጣል። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ጊቤን የሚፈሩት ስለ ወባውና ስለ ክረምት ሙላቱ ነበር፤ የዛሬ ዘመን ሾፌር የሚፈራው አቀበቱን ነው።

እኔም በወርኃ ኅዳር፣ የቡናው ለቀማ በተጋጋለበት ሰሞን፣ ብዙ ባለቤት በለዋወጠች በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ወደ አጋሮ ስጓዝ፣ ናዳ የዘጋውን የመንገድ ክፍል ለማሳለፍ ከሸለቆው ግርጌ በተከፈተ ተለዋጭ መንገድ ላይ፣ በአቧራ ውስጥ የተቀበረ አለት የመኪናይቱን ሆድ በኃይል መታው። ወርጄ ብመለከት ዘይት አልፈሰሰም፤ ቤንዚን አልነጠበም፤ ራዲያተሩም ደኅና ነበር፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አመስግኜ መንገዴን ቀጠልሁ። አቀበቱ ላይ ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ሞተሩ የሚያጉረመርመው ከሩቅ፣ አፉን በጨርቅ ታፍኖ ነበር፤ በሁለተኛ ማርሽ ካልሆነ አልወጣ አለ፤ ሲሚንቶ የጫኑ ሲኖትራኮች እንኳ ጥሩምባቸውን እየነፉ አልፈውኝ ሄዱ። ከመኪናይቱም ወለል በታች፣ ከእግሬ በስተቀኝ፣ ያልለመድሁት ሙቀት ይሰማኝ ጀመር።

የሞተርን ነገር በመጠኑ ያጠና ሰው እንደሚያውቀው፣ በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጸመው ግብር አራት ክፍል አለው፤ አየርና ቤንዚን መሳብ፣ የተሳበውን ማመቅ፣ የታመቀውን አቃጥሎ ኃይል ማግኘት፣ በመጨረሻም የተቃጠለውን ማስወጣት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነም በጠቅላላው በሴኮንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እስትንፋስ የሚወጣው በመኪናው ሆድ ሥር እስከ ኋላ በተዘረጋ በአንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው የጠበበ እንደሆነ የተቃጠለው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል፤ አሮጌው ጋዝ በያዘው ሥፍራም አዲስ አየር ሊገባ አይችልም፤ እንግዲህ መውጫው የታነቀበት ሞተር መግቢያው ወለል ብሎ ቢከፈትለት ምንም አይረባውም። አየሩ ሳስቶ፣ ግፊቱም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱ ያህል በቀነሰበት በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ይልቁንም ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። እኛ ባለመኪናዎች ግን የምንጨነቀው ሁልጊዜ ስለሚገባው ነው፤ ቤንዚኑ ንጹሕ ይሁን፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ዘይቱ ይሞላ እንላለን፤ የጭስ ማውጫውን የሚያስታውሰው ሰው ቢኖር ወይ የትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ወይ በጩኸቱ ከእንቅልፉ የባነነ ጎረቤት።

ሰኮሩን አልፌ ቁልቁል ስወርድ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በስተግራዬም በስተቀኜም እየታየ ይሰወር ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ሲሆን፣ የግድብ መሐንዲሶች ውሃውን ለማቆር ከሚደክሙት ባላነሰ፣ ከመጠን ያለፈው ውሃ ግድቡን ሳይጎዳ ስለሚወጣበት መንገድ እንደሚደክሙ ሁሉም ያውቃል። አሰንዳቦን፣ ሰርቦንም በዝግታ አልፌ ሄርማታ የደረስሁት የመግሪብ አዛን ከተሰማ በኋላ ነበር።

ሄርማታ የዛሬዪቱ ጅማ የበቀለችበት የገበያ ሥፍራ ነው። ነገሥታቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ በአየሩ ንጽሕና፣ በቤተ መንግሥታቸው ይቀመጡ ነበር፤ ገበያው ግን ከታች በሜዳው ላይ ይውል ነበርና፣ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጌራና ከጎማ የሚመጣው ሁሉ የሚገናኘው በዚሁ ሥፍራ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ለአፄ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው አገራቸውን ከጥፋት ያዳኑ ብልህ ንጉሥ እንደ ነበሩ በታሪክ ይነገርላቸዋል፤ የግዛታቸውም ብልጽግና የተመሠረተው በዚህ ገበያ ላይ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ የሚሸጥበት ሥፍራ፣ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ነው፣ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ የተሸጠበት ሥፍራ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ዛሬም ሞልቶ ይውላል።

ጅማና አካባቢዋ በቡና ታድለዋል፤ ለብዙ ዘመን ያስቸገራቸው የሚወጣበት መንገድ ነው። በበቅሎ የተጫነው ጀንፈል ጊቤን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ የወደቀው በቅሎና የራሰው ጆንያ ሲታሰብ፣ ነጋዴው ከዋጋው የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም የምዕራቡ ቡና በክረምት መርከብ ወደ ሱዳን የሚወርድበት በር ተከፈተለት፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ጣልያን በወረራው ዘመን መኪና የሚያስኬደውን የጅማ መንገድ ሲያነጥፍ፣ ከሄርማታ ገበያ አጠገብም አዲስ ከተማ ሲቆረቁር፣ ሐሳቡ ለራሱ ጥቅም እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማን ሲለቅ መንገዱን ጠቅልሎ ሊወስደው አልቻለም። ከመንገዱ ጋርም ጋራዡ፣ መፍቻውና ሞርሳው፣ እነርሱንም የሚያንቀሳቅሱ እጆች በከተማይቱ ቀሩ።

ያረፍሁበት ቤት ጌታ ነገሩን በነገርሁት ጊዜ፣ «ሞተር አዋቂ አይደለም የሚያስፈልግህ፤ ባትላሜራ የሚያውቅ ነው» ብሎ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ አንድ ጋራዥ አመለከተኝ። ጋራዡ ስምም ሰሌዳም የለውም፤ ግን ከሩቅ የሚለይበት ምልክት አለው። የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የዋርካው ግንድ፣ የመግቢያው ድንጋይ ሁሉ በነጭ ኖራ ተለቅልቋል። ኖራው ለጌጥ ተገዝቶ የመጣ አይደለም፤ ብየዳ የሚሠሩት ካርባይድ የተባለውን ድንጋይ በበርሜል ውስጥ በውሃ እያራሱ ከእርሱ በሚወጣው ጋዝ ነውና፣ ጋዙ ከወጣ በኋላ በበርሜሉ ሥር የሚቀረው አተላ ንጹሕ ኖራ ነው፤ እርሱን እየዛቁ ይቀቡበታል። ሽታው ከነጭ ሽንኩርት የሚቀርብ ስለሆነ ለአዲስ መጤ ደስ አይልም፤ የጋራዡ ልጆች ግን በዚያው መካከል ቆጮ በጎመን ሲበሉ አገኘኋቸው።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ነጭ ኮፊያ ያጠለቁ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ «ጋሼ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ወደ መኪናይቱ ቀርበው የጠየቁኝ ስለ ሞዴልዋ አይደለም፤

«የተመታችው ወደ ሞተሩ ቀርቦ ነው ወይስ ወደ ኋላ ርቆ?» አሉኝ።

«ወደ ሞተሩ ይመስለኛል፤ ሙቀቱ ከእግሬ ሥር ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ አትነካም፤ ትብረድ። እርስዎም ነገ ከቡና በኋላ ይምጡ» ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ሥራ መለሱ።

ጥያቄያቸው ከንቱ እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው። ጋዙ ከሞተሩ እንደ ወጣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ነው፤ የጋለ ጋዝ ደግሞ ይነፋል፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ሙቀቱን ለብረቱና ለነፋሱ እየሰጠ ስለሚበርድ ይኮማተራል። ስለዚህ ድምፅ ከሚያደክመው ዕቃ፣ ከማርሚታው፣ በስተኋላ ያለውን የቱቦ ጫፍ የሚያጠብብ ጥርምት፣ ማለት ተመትቶ የጎደጎደ ሥፍራ፣ እምብዛም ሳይጎዳ ሲቀር፣ ያው መጠን ያለው ጥርምት ከሞተሩ አጠገብ ቢሆን መኪናውን አቀበት ያሳጣዋል። ሁለተኛው ነገር የጥርምቱ ዓይነት ነው። «ወደ ጎን ተለጥጦ የተጠፈጠፈ አያስፈራም፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ የገባው ነው የሚያንቅ» ያሉኝን፣ ማታ በወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠርቼ ብመለከተው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ክብ ቱቦ ከላይ ተጨፍልቆ ቁመቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ወደ ጎንና ጎን የተለጠጠ እንደሆነ የሚያጣው የውስጥ ስፋት ከሲሶው ያነሰ ነው፤ ጎኑ ሳይሰፋ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ያጣል። የእኔዋ የታመመችው በዚህ በሁለተኛው ነበር።

በማግሥቱ ሐሙስ ስለ ነበር ከተማው ሁሉ ወደ ገበያ ሲጎርፍ እኔ ወደ ጋራዡ ወረድሁ። መኪናይቱ በክሪክ ተነሥታ፣ ከሥሯ የግንድ ጉማጅ ተደርጎላት፣ አንድ ወጣት በጀርባው ተኝቶ የዛገውን ቡሎን በነጭ ጋዝ ያርሳል። አንዱ ቡሎን አልፈታ ብሎ ተሰበረና በትራፓኖ ተበስቶ ወጣ። ቱቦው በወረደ ጊዜ ሽማግሌው በግራ እጃቸው አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጉት ጀመር፤ ደኅናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ግን ድምፁ ይሞታል። የጭስ ማውጫ የሚዝገው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከውጭ በሚረጨው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወልዳልና፣ አጭር መንገድ ብቻ የምትመላለስ መኪና እንፋሎቱን አግላ ሳታስወጣ ስለምትቆም ውሃው በማርሚታው ውስጥ እየተኛ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ብቻ የሚነዳ ሰው ማርሚታ ሩቅ አገር ከሚሄደው ነጋዴ ማርሚታ ቀድሞ የሚበሳው ስለዚህ ነው።

ብረቱ ደኅና መሆኑ ሲታወቅ፣ ከሦስቱ መንገዶች የትኛውን እንደሚሹ ጠየቋቸው ልጆቹ፤ አዲስ ቱቦ መግዛት፣ የተጎዳውን ቆርጦ ሌላ ቁራጭ መበየድ፣ ወይም ያንኑ ማቃናት። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ቱቦውን በሁለት እንጨት መካከል አድርገው በሞርሳ አጠበቁትና የእሳቱን ጫፍ አስያዙ። ብረቱ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም የበሰለ እሸት ቡና የመሰለ ቅላት ሲይዝ፣ መዶሻቸውን አነሡ።

እዚህ ላይ ትኩር ብዬ ተመለከትሁ። እኔ ብሆን የምመታው በጎደጎደው ላይ፣ ከመካከሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን መካከሉን አልነኩትም። ጥርምቱ ሲፈጠር ዙሪያውን እንደ ከንፈር ያበጠ ጠርዝ ይከብበዋል፤ እርሱ በመጨረሻ የተፈጠረ ነውና በመጀመሪያ መፈታት ያለበት እርሱ ነው። በአንድ በኩል ከውስጥ፣ ከተሰባበረ የመኪና አክስል በቶርኖ የተቀረጸና ጫፉ የሾጠጠ ወፍራም ብረት እየገፉ፣ በሌላው በኩል ከውጭ ጠርዙን በትንሽ በትንሹ እየመቱ፣ ሲጠቁርም መልሰው እያጋሉ ዞሩት፤ ጠርዙ ሲረግብ፣ መካከሉ ማንም ሳይመታው ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ወጣቱም እሳቱን የት ማስጠጋት እንዳለበት ከዓይናቸው ብቻ ያውቅ ነበር። ያ ወጣት የተማረበት ሰሌዳ የለም፤ ፈተናም ወረቀትም የለም፤ ግን ለዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠ ደቀ መዝሙር መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ቱቦው ጥቂት ወልገድ እንዳለ መዶሻቸውን ሲያኖሩ፣ «ሙሉ ክብ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይሆናል፤ ግን ብረቱ ይሳሳል። የሳሳ ብረት ዓመት አይቆይም። ለጭሱ የሚበቃውን ከፍተናል ጌታዬ» አሉኝ።

በየመንገዱ ዳር ያሉ ጠጋኞች ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጥርምቱን ሳይነኩ ማርሚታውን ቀድደው ውስጡን ባዶ በማድረግ መኪናውን ሲጮኽ እንዲሄድ የሚያሰናብቱ፣ ይህንንም ኃይል መጨመር ነው ብለው የሚያስከፍሉ ሞልተዋል። ማርሚታ የሚባለው ዕቃ በውስጡ በተበሳሱ ቱቦዎችና በክፍልፋይ ክፍሎች የድምፁን ሞገድ እርስ በርሱ እያጋጨ የሚያደክም ረቂቅ ሥራ መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ የለም።

ወደ ቦታው መልሰው አዲስ ጓርኒሲዮን ካስገቡ በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ወጣቱ የእርጥብ ጨርቅ ጥቅል በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ለአፍታ ሲይዝ፣ ሽማግሌው በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ እያፈሰሱ አረፋ የሚነሣበት መኖሩን መረመሩ። ይህ ምርመራ ለጩኸቱ ሲባል ብቻ አይደለም። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን የገደላቸው ይኸው ነው። ከሞተሩ አጠገብ የሾለከ ጋዝ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ሰዎቹ መቀመጫ ይገባል፤ በረጅም መንገድ ላይ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ሾፌር ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል።

የሽማግሌውን እጅ ስመለከት ስለ አንድ ዓመት አሰብሁ፤ ይኸውም 1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ አገራችን ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱን ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጁን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በላ፣ ፋቂውን ጥንበኛ እያለ ሲሰድብ የኖረ ሕዝብ፣ ከብረት ተሠርቶ በብረት ባለሙያ ካልሆነ የማይድን ሠረገላ በገባለት ዓመት ያ አዋጅ መታወጁ አጋጣሚ ይሁን እንጂ ይደንቃል። በዚህም በጅማ አገር ቱምቱ የሚባሉት ቀጥቃጮች ማረሻውንም ጦሩንም እየሠሩ በማዕድ የሚገለሉ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ስሙ ከግዕዝ መወሰዱ ለሙያው ክብር እንዲሆነው ታስቦ ይመስለኛል። አዋጅ ግን በአንድ ቀን ይነገራል፤ ልማድ በትውልድ ነው የሚለወጠው፤ ዛሬም ቢሆን ልጁ ሐኪም ሲሆን ድግስ የሚደግስ አባት፣ ልጁ በያጅ ሲሆን ለጎረቤት በዝግታ ነው የሚናገረው።

ሥራው ሲያበቃ በጋራዡ ጥግ ጀበና ቀረበ። ወሬው እንደ ተለመደው ወደ መኪና ዋጋ ዞረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለ ወዲህ ያለው መኪና ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ስለዚህም ማንም ሰው አሮጌውን ከመጣል ይልቅ ያስጠግነዋል፤ ለጋራዡ ይህ በረከት ሆኖለት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሎ ለኤሌክትሪኮቹ በሩን ከፈተ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ጭስ ከሌለው ቱቦም የለው፣ ማርሚታም የለው። ይህን ጉዳይ ያነሣሁት በማመንታት ነበር፤ ሰውን በገዛ ቤቱ ስለ ሙያው መጥፋት ማውራት ነውር ነውና።

ወጣቱ ግን ሳቀ። «ድንጋዩ እኮ አልጠፋም ጋሼ፤ ባትሪዋም ከሆድዋ ሥር ናት አሉ» አለኝ።

ሽማግሌው አልሳቁም። «እርሷን በእሳት አትነካም» አሉት፤ ወደ እኔም ዞር ብለው፣ «እርሱ ይማርላት። እኔ የቡና ማሽኖቹ ይበቁኛል» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባኝ አጋሮ ስደርስ ነው።

ከሄርማታ እስከ አጋሮ ያለው 45 ኪሎ ሜትር መንገድ የቡን በመሰሉ የማና መንደሮች አጠገብ፣ በጥላ ዛፍ ሥር በተተከለ ቡና መካከል ይሄዳል። መኪናይቱ ኃይሏ ተመልሶላት ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች፤ ድምፅዋም ወደ ነበረበት ተመለሰ። በጎማ ወረዳ፣ የቡና መገኛ እንደ ሆነች ከሚነገርላት ጮጬ ብዙም ሳይርቅ፣ በወንዝ ዳር ወዳለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገባሁ። በኅዳር ጣቢያው ሌሊትም አያርፍም፤ ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ካደረ ይበላሻልና፣ ከማታ ጀምሮ በመፈልፈያው ማሽን ያልፋል፤ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በአልጋ ላይ ይሰጣል። ጥራቱ የሚነገርለት የሊሙና የአጋሮ እጥብ ቡና እንዲህ ነው የሚገኘው።

የጣቢያው ሠራተኞች እንግዳን የሚወስዱት ወደ አልጋዎቹ ነው፤ እኔ ግን አሳዩኝ ያልኋቸው ያጠበው ውሃ የሚወጣበትን ቦይ ነበር። የቡናው ልጣጭና ሙጫ ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ ነገር በውሃ ውስጥ ሲብላላ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ ዓሣውም ይሞታል፤ ከብትም አይጠጣውም። በጅማ ዙሪያ ያሉ ወንዞች በለቀማው ወራት በዚህ ምክንያት የሚደርስባቸው ጉዳት ከታወቀ ቆይቷል። ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄደው ፍሬ ቀማሽ ተቀጥሮለት፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ጆንያው ሳይቀር ተመርጦለት ሳለ፣ ከዚያው ከአንዱ ፍሬ ተለይቶ ለሚወጣው ውሃ ግን አንድ ጉድጓድ የሚቆፍርለት ጠፍቶ ኖሯል። አሁን በአንዳንድ ጣቢያዎች ጥቂት ውሃ የሚበቃቸው ማሽኖች ገብተዋል፤ በዚህኛውም ጣቢያ የቆሸሸው ውሃ ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት ሥሩ ጥልቅ በሆነ በቬቲቨር ሣር በተሸፈነ መሬት ላይ እየተንጣለለ እንዲሰርግ ይደረጋል። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ነበር። ከሣሩ በላይ ያለው ቦይ አፍንጫ ያስይዛል፤ ከሣሩ በታች ግን ሁለት ልጆች በገንቦ ውሃ ሲቀዱ አየሁ፤ ይጠጡት እንደሆነ ስጠይቅ፣ ለመጠጥ ከምንጭ፣ ይህ ግን ለእጥበት ነው አሉኝ።

ወደ ማሽኑ ቤት ስመለስ የመፈልፈያው የናፍጣ ሞተር ቤቱን በጥቁር ጭስ ሞልቶት፣ ሁለት ሠራተኞች ዓይናቸውን በእጃቸው እያሹ ቆመው ነበር። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ አንድ ነገር ወድቆበት ተጨፍልቋል፤ ከመጋጠሚያውም ሾልኮ ይተናል፤ መጋጠሚያው በቲማቲም ቆርቆሮ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ባለ ማሽኑ፣ ሞተሩ ሰሞኑን ኃይሉ ደክሟል፤ ነዳጅም በላተኛ ሆኗል፤ ፖምፓውን ላስፈታው አስቤአለሁ አለኝ። ፖምፓውን ከመንካቱ በፊት ይህን ቱቦ ፈትቶ ሄርማታ ይዞ እንዲሄድ፣ ከአዌቱ ቁልቁለት በኖራ የተቀባውን ጋራዥ እንዲጠይቅ፣ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጠይቁትንም ጥያቄ ነገርሁት።

«ዐውቃቸዋለሁ፤ አምና ሠርተውልኝ ነበር» አለ። «ቱቦውን ፈትቼ ልሂድ ብል፣ ሞተሩ ሊቆም ነው፤ ሞተሩ ከቆመ የዛሬው ቡና ያድራል። ለቀማው ጋብ ሲል እሑድ እወስደዋለሁ።»

እስከ እሑድ ድረስ ቢያንስ በሩና መስኮቱ እንዲከፈት አሳሰብሁ፤ መስኮቱ ግን ጆንያ ተደርድሮበት ኖሮ፣ ሦስታችን ሆነን ጆንያዎቹን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዛወር ጀመርን።